የዩኒቨርሲቲ ግልጽ ውይይት፦ በምሥራቅ አፍሪካ ግቢዎች የተከፈተና የተዘጋ መድረክ

ኦክቶበር 21 ቀን 1964 እ.አ.አ ምሽት ላይ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ ግቢ ውስጥ አንድ ስብሰባ ተጠራ። የስብሰባው ርእስ በደቡብ ሱዳን የሚካሄደው ጦርነትና መፍትሔው ነበር። ወታደራዊው መንግሥት ይህ ርእስ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ዳግመኛ እንዳይነሣ ከልክሏል። ተማሪዎቹ ግን ተሰበሰቡ። ፖሊስ ስብሰባውን ለመበተን ተኩስ ከፈተ፤ አሕመድ አል ቁረሺ የተባለ ተማሪም ተገደለ። በማግሥቱ ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ በቀላሉ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። በቀናት ውስጥ ሠራተኞችና ባለሙያዎች የተሳተፉበት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። ከስድስት ዓመት በፊት በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ኢብራሂም አቡድም በኖቬምበር አጋማሽ ከሥልጣን ወረዱ።

የዚያ ምሽት ታሪክ ዘወትር የሚነገረው እንደ አብዮት መነሻ ነው። ነገሩ ሲጀመር ግን ውይይት ነበር። ርእሱን ለሕዝብ የከፈተውም ራሱ መንግሥት ነበር። ጦርነቱ አልበርድ ሲለው የአቡድ አስተዳደር በዚያው ዓመት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሽን አቋቁሞ ዜጎች ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ጋብዞ ነበር። የካርቱም ተማሪዎችና መምህራን ጥሪውን ተቀበሉ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ በፓሪስ ትምህርታቸውን ጨርሰው የተመለሱት የሕግ መምህር ሐሰን አል ቱራቢ ነበሩ። ወታደራዊ አገዛዝ እስካለ ድረስ የደቡብ ጉዳይ አይፈታም የሚለው ሐሳብ ከመድረኩ ጎልቶ ሲወጣ ግን መንግሥት የከፈተውን በር መልሶ ዘጋው።

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ የዩኒቨርሲቲ ግልጽ ውይይት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ በር ታሪክ ነው። በካርቱም፣ በአዲስ አበባ፣ በዳሬሰላም፣ በካምፓላ፣ በናይሮቢና በጁባ መድረኩ ተከፍቷል፣ ተዘግቷል፣ እንደገናም ተከፍቷል። አዳራሹ በተዘጋ ጊዜ ሁሉ የተዘጋው አዳራሹ ብቻ ነበር፤ ጥያቄው ግን ከግቢው ወጥቶ በሌላ መልክ፣ ብዙ ጊዜም በከፋ መልክ ተመልሷል።

ምን ዓይነት መድረክ ነው?

ግልጽ የግቢ ውይይት ማለት የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ በወቅታዊ ወይም በዜግነት ጉዳይ ላይ ያለ ፈተና፣ ያለ ነጥብና ያለ ፓርቲ ካርድ የሚነጋገርበት መድረክ ነው። በሦስት ነገር ከሌሎች ስብሰባዎች ይለያል። አንደኛ፣ መግቢያው ክፍት ነው፤ የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ አንዳንዴም የከተማው ነዋሪ ይገባል። ሁለተኛ፣ መደምደሚያው አስቀድሞ አልተጻፈም፤ የአቋም መግለጫ ለማጽደቅ የተጠራ ስብሰባ ውይይት አይባልም። ሦስተኛ፣ አድማጩ መልሶ የመናገር መብት አለው።

ቅርጹ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ እንግዳ ንግግር አድርጎ ጥያቄ የሚቀበልበት የሕዝብ ንግግር አለ። ሦስት ወይም አራት ሰዎች ከተለያየ ወገን የሚቀርቡበት የፓናል ውይይት አለ። ሁለት ወገኖች አንድን ሐሳብ ደግፈውና ተቃውመው የሚሟገቱበት ክርክርም አለ። ከሁሉ በላይ ያልተደራጀው ደግሞ በዛፍ ጥላ ወይም በካፍቴሪያ ደጃፍ ሰው ከቦ የሚያዳምጠው የአደባባይ ንግግር ነው።

ይህ ሁሉ ከአውሮፓ ኮሌጅ ጋር የመጣ ልማድ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ «በላ ልበልሃ» በሚባለው የቀድሞው ሙግት ተከራካሪዎች በሕዝብ ፊት በጥያቄና መልስ ይፋለሙ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ መሆንና ተራ መጠበቅ እኩል ይከበሩ ነበር። የሶማሌ አርብቶ አደሮች በዛፍ ሥር በሚያደርጉት «ሺር» ላይ የጎሳው ጉዳይ መግባባት እስኪገኝ ድረስ ይመከርበታል። የቦረና ኦሮሞ «ጉሚ ጋዮ» በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ የገዳ ሕግጋትን ይመረምራል። የዩኒቨርሲቲው መድረክ በእነዚህ ላይ የጨመረው ነገር ቢኖር፣ ዕድሜና ትውልድ ሳይለይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ፕሮፌሰሩን በአደባባይ እንዲሞግት መፍቀዱ ነው።

ካርቱም፦ የውይይት ማዕዘኖች

ከአቡድ መውረድ በኋላ፣ በማርች 1965 እ.አ.አ፣ በሰሜንና በደቡብ ፖለቲከኞች መካከል የክብ ጠረጴዛ ጉባኤ በካርቱም ተካሄደ። ከወራት በፊት ተማሪ የሞተበት ርእስ የመንግሥት ጉባኤ አጀንዳ ሆነ ማለት ነው። ጉባኤው ግን ስምምነት ላይ አልደረሰም፤ ጦርነቱም ቀጠለ። ከአሥርት ዓመታት ደም መፋሰስ በኋላ ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ አገር ሆነች።

በሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ግን አንድ ልማድ ሥር ሰደደ። በዐረብኛ «አርካን አል ኒቃሽ» ይባላል፤ የውይይት ማዕዘኖች ማለት ነው። የአንድ የተማሪ ድርጅት ተናጋሪ በግቢው ውስጥ በታወቀ ቦታ ይቆማል፤ ተማሪዎች ይከቡታል፤ ንግግሩን ሲጨርስ ጥያቄና ተቃውሞ ይቀበላል። ከጥቂት እርምጃ በኋላ የተቀናቃኙ ድርጅት ማዕዘን አለ። አድማጭ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ያመዛዝናል። በግድግዳ ላይ የሚለጠፉ በእጅ የተጻፉ ጋዜጦችም የክርክሩ ሌላ መልክ ነበሩ። እስላማዊውም፣ ኮሙኒስቱም፣ የክልል ንቅናቄ ደጋፊውም የንግግር ችሎታቸውን ያሰሉት በእነዚህ ማዕዘኖች ነው።

ማዕዘኖቹ በዱላና በብረት የተበተኑባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ በተለይ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በተማሪ ድርጅቶች መካከል የተነሡ ግጭቶች ሕይወት ቀጥፈዋል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.አ.አ የጀመረው ጦርነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹን ራሳቸውን ዘግቶ ተማሪዎቻቸውን በየጎረቤት አገሩ በትኗል።

አዲስ አበባ፦ ከግጥም መድረክ ወደ አደባባይ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ፖለቲካ የሚነገርበት መድረክ አልነበረውም። ተማሪው በሩን ያገኘው በሥነ ጽሑፍ በኩል ነው። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ይደረግ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይገኙበት ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ድሀው ይናገራል» የተባለ ግጥሙን ያቀረበው በዚህ መድረክ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በታኅሣሥ፣ የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት ደግፈው ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ነበርና ግጥሙ የወደቀው በደረቀ ሣር ላይ ነበር።

በንጉሠ ነገሥቱ የነጻ ትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከሱዳንና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችም ለዚህ ለውጥ አስተዋጽኦ አድርገዋል። በየአገራቸው የተማሪ ማኅበርና የፖለቲካ ክርክር ለምደው ስለመጡ፣ ኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸው በራሳቸው ዝምታ ላይ እንዲጠይቁ አድርገዋቸዋል። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሲቋቋም ክርክሩም አብሮ ሰፋ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» የሚለው ጥያቄ ከግቢ ውይይት ተነሥቶ እስከ ፓርላማ ደጃፍ ደረሰ። በሰሜን አሜሪካ የነበረው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበርም «ቻሌንጅ» በተባለው መጽሔቱ ከባሕር ማዶ የክርክሩ ተካፋይ ነበር።

በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን የብሔረሰቦችን ጥያቄ የሚመለከት ጽሑፉን ለተማሪዎች አቀረበ። ጽሑፉ ጥቂት ገጾች ብቻ ቢኖሩትም፣ ዛሬም ድረስ በኢትዮጵያ ፖለቲካ ውስጥ የሚያከራክር ነው። ከወር በኋላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመትቶ ሞተ። በማግሥቱ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ሌሎችም ሞቱ። የብሔረሰብ ጥያቄ ከዚህ በኋላ በሰፊ አዳራሽ በርጋታ የሚመረመርበት ዕድል ጠበበ። ክርክሩ ወደ ኅቡዕ ክበብና ወደ በራሪ ወረቀት ገባ።

ነገር ግን በሩን የዘጋው መንግሥት ብቻ አልነበረም። ከተማሪው ንቅናቄ የወጡት ኢሕአፓና መኢሶን በመሬትም ሆነ በብሔረሰብ ጥያቄ ላይ ይህን ያህል አይራራቁም ነበር። ልዩነታቸው በዋናነት ወታደራዊውን መንግሥት እንዴት እንያዘው በሚለው ላይ ነበር። በሐሳብ የተለየውን ባንዳ፣ አድርባይ፣ የሕዝብ ጠላት ብሎ መጥራት በክበቦቹ ውስጥ የተለመደ ስለነበር፣ ስያሜው ወደ ጥይት ሲቀየር መንገዱ አጭር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ግቢውን ባዶ አድርጎት ነበር፤ ቀይ ሽብር ደግሞ ከዘመቻ የተመለሱትን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ጠበቃቸው። በዚያ ትውልድ የደረሰውን መለስ ብለው ያዩ ብዙዎች፣ ተማሪው መናገርን እንጂ ማዳመጥን አልተማረም ይላሉ።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላም በሩ ተከፍቶ አልቀረም። በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በመቃወም የወጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኃይል ተበተኑ፤ በዚያው ዓመት ከአርባ በላይ መምህራን ተባረሩ። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. ማብቂያ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በሰብአዊ መብትና በአካዳሚ ነጻነት ላይ ለተማሪዎች ንግግር አደረጉ። በቀጣዮቹ ቀናት ተማሪዎች የደንብ ልብስ የለበሱ ፖሊሶች ከግቢ እንዲወጡ፣ ማኅበራቸውና ጋዜጣቸው ነጻ እንዲሆኑ ጠየቁ። ጥያቄው በከተማው ሁከትና በአሥር የሚቆጠሩ ሰዎች ሞት ተደመደመ፤ ሁለቱ ምሁራንም ተማሪዎችን አነሣሥታችኋል ተብለው ለሳምንታት ታሰሩ።

ዳሬሰላም፦ የእሑድ ትምህርት

በአካባቢው ለግልጽ ክርክር ሰፊ ስም ያተረፈው የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1961 እ.አ.አ በገዢው ፓርቲ ሕንጻ ውስጥ በትንሽ ኮሌጅነት ጀምሮ፣ በ1964 ዛሬ «ምሊማኒ» ወደሚባለው ኮረብታ ተዛወረ። በኦክቶበር 1966 በብሔራዊ አገልግሎት ግዴታ ላይ የተቃውሞ ሰልፍ የወጡ ከሦስት መቶ በላይ ተማሪዎችን ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከግቢ አባረሩ። በፌብሩዋሪ 1967 የአሩሻ አዋጅ ታወጀ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ኮሌጁ በሶሻሊስት ታንዛኒያ ምን ድርሻ ይኑረው የሚል ጉባኤ በራሱ በኮሌጁ ተካሄደ። ያባረሩት መሪ ለውይይት ተመለሱ እንደማለት ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ከልዩ ልዩ የአካባቢው አገሮች የመጡ ተማሪዎች የአፍሪካ አብዮታዊ ግንባር የሚል ማኅበር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ኋላ የኡጋንዳ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዮዌሪ ሙሴቬኒ ነበሩ። ማኅበሩ እሑድ እሑድ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት የሆነ ትምህርትና ክርክር ያዘጋጅ ነበር። የጉያናው ታሪክ ተመራማሪ ዋልተር ሮድኒ ከዋና ዋና ተሳታፊዎቹ አንዱ ሲሆኑ፣ በ1972 የታተመው የአፍሪካ ኋላቀርነት በአውሮፓ እንዴት እንደተፈጠረ የሚተነትነው መጽሐፋቸው በዚህ ድባብ የተጻፈ ነው። በኖቬምበር 1969 «ቼቼ»፣ ማለትም ብልጭታ፣ የተባለ መጽሔት ጀመሩ። በ1970 ኢሳ ሺቪጂ የታንዛኒያን ሶሻሊዝም ከውስጥ የሚመረምር ሰፊ ጽሑፍ በመጽሔቱ አወጣ። በኖቬምበር መጽሔቱም ማኅበሩም ታገዱ።

የዳሬሰላም ታሪክ ከካርቱምና ከአዲስ አበባ የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። እገዳው ጥይት አልተከተለውም፤ ተከራካሪዎቹም አብዛኞቹ በግቢው ቀሩ። ሺቪጂ በዩኒቨርሲቲው የሕግ መምህር ሆነው ለአሥርት ዓመታት አገለገሉ። በ2008 ዩኒቨርሲቲው በኔሬሬ ስም የፓን አፍሪካ ጥናት መንበር ሲያቋቁም የመጀመሪያው ባለመንበር ሆነው የተሾሙት እኚሁ ሰው ናቸው፤ መንበሩም ዓመታዊ የክርክር ሳምንት ያካሂድ ጀመር። ክርክሮቹ ከተስተናገዱባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ንክሩማ አዳራሽ በታንዛኒያ የአምስት መቶ ሺሊንግ የወረቀት ገንዘብ ላይ ይታይ ነበር።

ካምፓላና ናይሮቢ

በካምፓላ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ የአካባቢው የሐሳብ ገበያ ነበር። የፖለቲካ ሳይንስ ፕሮፌሰሩ አሊ ማዝሩይ ከዳሬሰላም ከመጡት ዋልተር ሮድኒ ጋር ያደረጉት ክርክር ዛሬም በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይነገራል። አንዱ ለዘብተኛ ሌላው ማርክሳዊ፣ ሁለቱም አፍሪካዊነትን የሚሟገቱ፣ በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት ቀረቡ። ኢዲ አሚን በ1971 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ግን እንዲህ ያለ ምሽት አልተደገመም፤ በ1972 የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ፍራንክ ካሊሙዞ በወታደሮች ተወስደው የደረሱበት ጠፋ፤ ማዝሩይም አገር ለቀው ወጡ።

በካምፓላ ውይይቱ ከግቢ ውጭ ሌላ ቤት አገኘ። በ2000 ገደማ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በመዝናኛ ስፍራ ሕዝብ ሰብስቦ በቀጥታ የሚያስተላልፈው «ኤኪሜዛ» የተባለ የክርክር ፕሮግራም ተጀመረ። ተማሪ፣ ነጋዴ፣ የምክር ቤት አባልና ሥራ ፈላጊ ተራ ይዘው ማይክሮፎን ይቀበሉ ነበር። መንግሥት በሴፕቴምበር 2009 በካምፓላ ከተነሣው ሁከት ጋር አያይዞ እንዲህ ያሉትን ከስቱዲዮ ውጭ የሚደረጉ ፕሮግራሞች አገደ።

በኬንያ ከኦገስት 1982ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በ2017 እና በ2022 የፕሬዚዳንታዊ ዕጩዎች የቴሌቪዥን ክርክር የተካሄደው በናይሮቢ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2017 ኡሁሩ ኬንያታ ስላልቀረቡ ራይላ ኦዲንጋ ብቻቸውን ለጥያቄ ቆሙ። በ2022 ደግሞ ራይላ ቀሩና ዊልያም ሩቶ ብቻቸውን ቆሙ። ባዶው መቆሚያ ራሱ ለመራጩ መልእክት ነበረው። መድረክ መኖሩ ባለሥልጣን እንዲመጣ አያስገድድም፤ መቅረቱን ግን ለሕዝብ ያሳያል።

በጁን 2024 የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን የተቃወሙት የኬንያ ወጣቶች ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ የተከራከሩበት ቦታ በብዛት የማኅበራዊ መገናኛ የድምፅ መድረክ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩቶ ረቂቁን ከተዉ በኋላ በጁላይ ወር በዚያው መድረክ ቀርበው ከወጣቶቹ ጋር ተነጋግረዋል። ሆኖም ንግግሩ የተካሄደው ብዙዎች በጥይት ከሞቱ በኋላ ነበር።

ጁባና አስመራ

በኦክቶበር 2015 የደቡብ ሱዳን ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪር የአገሪቱን አሥር ግዛቶች ወደ ሃያ ስምንት የሚከፍል ድንጋጌ አወጡ። በጁባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሰላምና የልማት ጥናት ማዕከል በድንጋጌው ላይ ክፍት ክርክር አዘጋጀ። ደጋፊም ተቃዋሚም ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ የማዕከሉ ዳይሬክተር ከኃላፊነታቸው ተነሡ፤ አገርም ጥለው ወጡ። የግዛቶቹ ቁጥር በሚቀጥሉት ዓመታት የሰላም ድርድሩ ዋነኛ እንቅፋት ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2020 ፕሬዚዳንቱ ወደ አሥሩ ግዛቶች ለመመለስ ተስማሙ፤ ሦስት የአስተዳደር አካባቢዎችም ተጨመሩ። አንድ ግቢ በአንድ ቀን ሊያነሣው የሞከረው ጥያቄ፣ በዓመታት ድርድር መልስ አገኘ።

በአስመራ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2001 የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የክረምት የሥራ ዘመቻውን አመራር በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ ተችቶ ከተናገረ በኋላ ታሰረ። ተቃውሞ ያሰሙ ተማሪዎች በረሃ ወዳለ ካምፕ ተወሰዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲው አዲስ ተማሪ መቀበል አቁሞ በየቦታው በተበተኑ ኮሌጆች ተተካ።

ሕጉ ምን ይላል?

በአካዳሚ ነጻነት ላይ በአፍሪካ ከሚጠቀሱት ሰነዶች ሁለቱ የዚህ አካባቢ ከተሞችን ስም ይዘዋል፤ ሁለቱም የ1990 ናቸው። የዳሬሰላም መግለጫ የታንዛኒያ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት መምህራን ማኅበራት በኤፕሪል ያወጡት ነው። የካምፓላ መግለጫ ደግሞ በኖቬምበር ከመላው አህጉር በተሰበሰቡ ምሁራን ጸደቀ። የካምፓላው መግለጫ ለመንግሥትም ለምሁሩም ግዴታ ይሰጣል። መንግሥት ወታደርና የጸጥታ ኃይል በትምህርት ተቋም ግቢ ውስጥ እንዳያሰማራ ይከለክላል፤ ምሁሩ ደግሞ የተለየ ሐሳብን የመታገሥና ዲሞክራሲያዊ ክርክርን የማጎልበት ኃላፊነት አለበት ይላል።

የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33 የአካዳሚ ነጻነትን የሐሳብ ነጻነት አካል አድርጎ ያስቀምጣል፤ የጦርነት ቅስቀሳን፣ ለዓመፅ ማነሣሣትንና የጥላቻ ንግግርን ከጥበቃው ያወጣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የሐሳብ ነጻነትን፣ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን መብት ይደነግጋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለተቋማት የአካዳሚ ነጻነት ይሰጣል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ንግግሩ የትምህርታዊ ጥናት ወይም የፖለቲካ ትችት አካል ሲሆን እንደ ጥላቻ ንግግር እንደማይቆጠር ያመለክታል። ውይይት አዘጋጆች ይህን አንቀጽ ሊያውቁት ይገባል፤ የግቢ ኃላፊዎችም እንዲሁ።

ውይይቱ እንዴት ይመራል?

ከላይ የተጠቀሱት ታሪኮች ለአዘጋጆች የሚሰጡት ትምህርት አለ። የመጀመሪያው የርእስ አቀራረብ ነው። «አንድነት ወይስ መበታተን?» ብሎ የሚጠይቅ ማስታወቂያ መልሱን አስቀድሞ የያዘ ነው። «የክልሉ በጀት እንዴት ይከፋፈል?» ወይም «ድንጋጌው ለወረዳው ሕዝብ ምን ይለውጣል?» የሚል ጥያቄ ግን ቅን ሰዎች በሁለት ወገን ሊቆሙበት የሚችሉ ነው።

ሁለተኛው የተናጋሪዎች ምርጫ ነው። ጉዳዩ የሚነካው ወገን በመድረኩ ካልተወከለ ውይይቱ ስለ እርሱ እንጂ ከእርሱ ጋር አይሆንም። በ1964 በካርቱም የደቡብ ጉዳይ ሲነሣ ከመድረኩ ጎልቶ የተሰማው የሰሜኑ ምሁር ድምፅ ነበር።

ሦስተኛው ሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢ የራሱን አቋም ለሌላ ቀን ያቆያል። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ እኩል ደቂቃ ይሰጣል፤ ሰዓቱን በግልጽ ይቆጥራል፤ ቢያንስ ግማሹን ጊዜ ለተሰብሳቢው ይተዋል። አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ከመናገሩ በፊት ያልተናገረው ይቅደም የሚለው ደንብ ቀላል ቢሆንም፣ ዝም ብለው የሚወጡትን ያናግራል፤ በተለይ በወንዶች ብዛት በተሞላ አዳራሽ ሴት ተማሪዎችን። በጽሑፍ የሚሰበሰብ ጥያቄም ለዓይናፋሩና ለሚፈራው መንገድ ይከፍታል።

አራተኛው ተቀናቃኝን የመጥቀስ ደንብ ነው። ተናጋሪው ከመመለሱ በፊት የተቃዋሚውን ሐሳብ፣ ተቃዋሚው «አዎ፣ ይህን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ደግሞ እንዲናገር ማድረግ ብዙ ጠብ ያበርዳል። ሐሳብን እንጂ ሰውን፣ ብሔሩንና ሃይማኖቱን አለመጥራትም ከዚህ ጋር ይሄዳል።

አምስተኛው ቋንቋ ነው። ከልዩ ልዩ ክልሎች የመጡ ተማሪዎች በሚገኙበት ግቢ ውይይቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሚካሄድ አስቀድሞ መናገር፣ በሌላ ቋንቋ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ጥያቄውን የሚያስተረጉም ሰው ማዘጋጀት የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ነው።

ስድስተኛው ጥበቃ ነው። ዛሬ የአንድ ተማሪ ንግግር በስልክ ተቀርጾ፣ ግማሹ ተቆርጦ፣ ከሰዓት በኋላ በመላ አገሪቱ ሊዳረስ ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ውይይቱን አዘጋጆቹ ራሳቸው ቀርጸው ቢያስቀምጡ ለተናጋሪው መከላከያ ይሆነዋል። ጉዳዩ በጣም ስሱ ሲሆን ደግሞ በለንደን በ1927 የተጀመረውን የቻተም ሃውስ ደንብ መጠቀም ይቻላል፦ የተባለውን ሐሳብ መጠቀም ይፈቀዳል፣ ማን እንዳለው መግለጽ ግን አይፈቀድም።

የተከፈተ በር

ከ2011 እና ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል የተነሡ ብሔር ተኮር ግጭቶች ሕይወት ማጥፋታቸውና ብዙዎችን ከትምህርት ገበታ ማፈናቀላቸው ይታወሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የግቢ አስተዳደር የመጀመሪያ ስሜቱ ስብሰባን ሁሉ መከልከል ነው። ስሜቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ በቁጣ የተሞላ አዳራሽ አደገኛ ነው።

ይሁን እንጂ ያልተነጋገሩ ተማሪዎች ስለ ሌላው የሚያውቁት በመኝታ ክፍል ሹክሹክታና በስልክ ከሚመጣው ወሬ ብቻ ይሆናል። ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያሳየውም ክልከላው ጥያቄዎቹን እንዳላጠፋቸው ነው። የደቡብ ሱዳን ጉዳይ፣ የመሬት ጥያቄ፣ የብሔረሰብ ጥያቄ፣ የሃያ ስምንቱ ግዛቶች ቁጥር፣ ሁሉም ተመልሰው መጥተዋል። በዳሬሰላም መጽሔቱ ቢታገድም ተከራካሪዎቹ አልተገደሉም፤ በኋላም መንበር ተሰጣቸው። በአዲስ አበባ ግን ከአንድ ትውልድ ተከራካሪዎች ብዙዎቹ እርስ በርስ ተጠፋፉ፤ ያነሡት ጥያቄም ገና እልባት አላገኘም።